ስለ ገዢ ትዕግሥትና ስለ ትንሽ ሠሪ ድካም

ዕቃን ከገበያ መርጦ፥ ዋጋውን ከፍሎ፥ ወዲያውም ይዞ ወደ ቤት መመለስ ለማንም ሰው ቀላል ነገር ነው። ዋጋውን አስቀድሞ ከፍሎ ዕቃው እስኪመጣ ድረስ መጠበቅ ግን ሌላ ነው፤ የሰውም ጠባይ ተፈትኖ የሚታየው በዚህ ጊዜ ነው። ሻጩ ትልቅ ኩባንያ የሆነ እንደ ሆነ ገዢው የሚታገሠው በግዱ ነው፤ ቢቈጣም የሚሰማው፥ ቢያዝንም የሚያዝንለት የለምና። ሻጩ በቤቱ ጓዳ ብቻውን የሚሠራ አንድ ሰው የሆነ እንደ ሆነ ግን ትዕግሥቱ በፈቃዱ ይሆናል፤ ቍጣውም ቢሆን በመንገድ ሳይበርድ ደርሶ የሚያቈስለው ያንኑ አንድ ሰው ነው። በእንግሊዝ አገር በአንዲት ትንሽ ከተማ የሚኖር አንድ የሙዚቃ አስተማሪ በፈረንጆች አቈጣጠር በ2021 ዓመት ይህን ነገር በራሱ ላይ ደርሶ ተማረው። ከዚህ በታች የሚጠሩትም ዓመቶች ሁሉ በዚያው አቈጣጠር ናቸው።

ይህ አስተማሪ ልጆችን ፒያኖ ሲያስተምር ብዙ ዓመት የኖረ፥ ጆሮውም ለዜማ የሠለጠነ ሰው ነበረ። ሲንተሳይዘር የሚባለው መሣሪያ ግን ሁልጊዜ ያስደንቀው ነበር። ሲንተሳይዘር እንደ በገና አውታር የለውም፥ እንደ ዋሽንትም እስትንፋስ አይሻም፤ በውስጡ ያለው የኤሌክትሪክ ኃይል በፍጥነት ከፍና ዝቅ እያለ ሲመላለስ፥ ያ መመላለስ በድምፅ ማጉያ በኩል ወጥቶ ዜማ ይሆናል። በብዙዎቹ መሣሪያዎች የተለመደው ደንብ፥ የሚያዝዘው ኃይል አንድ ቮልት በጨመረ ቍጥር ድምፁ አንድ ኦክታቭ ከፍ እንዲል ነው፤ በሰከንድ 440 ጊዜ ይመላለስ የነበረው 880 ጊዜ ይመላለሳል ማለት ነው። አንዱ ኦክታቭ በ12 እርከን ስለሚከፈል፥ ለአንዱ እርከን የሚደርሰው የአንድ ቮልት አሥራ ሁለተኛ እጅ ብቻ ነው። ስለዚህ መሣሪያው የቮልት መቶኛ እጅ ያህል እንኳ ቢሳሳት የሠለጠነ ጆሮ ያውቅበታል።

ተሠርቶ ያለቀለት መልካም ሲንተሳይዘር ዋጋው ከዚህ አስተማሪ ደመወዝ ጋር አልተስማማም። ነገር ግን ኪት የሚባል ሌላ መንገድ ነበረ። ኪት ማለት ያልተገጣጠመ መሣሪያ ነው። ገዢው የሚቀበለው አንድ ባዶ የሰርኪት ሰሌዳ፥ በየከረጢቱ የተለዩ ሬዚስተሮች፥ ካፓሲተሮች፥ ትራንዚስተሮችና ቺፖች፥ ልዩ ልዩ ማዞሪያዎች፥ እንዲሁም አገጣጠሙን የሚያስረዳ ትንሽ መጽሐፍ ነው። ከዚያ በኋላ በብየዳ ብረት የእያንዳንዱን ዕቃ እግር በየቀዳዳው እየበየደ መሣሪያውን ራሱ ይሠራዋል። እንግዲህ ኪት የሚገዛ ሰው ገዢ ብቻ አይደለም፤ ከሥራው ግማሹን በራሱ ላይ የወሰደ የሠሪው ባልንጀራ ነው። አስተማሪው ግን ይህን በዚያን ጊዜ ገና አላስተዋለውም ነበር።

እንደዚህ ያለውን ኪት የሚያዘጋጅ አንድ ሰው በሌላ ከተማ መኖሩን ሰምቶ ገንዘቡን ላከ። ሠሪውም በ8 ሳምንት ውስጥ እልካለሁ ብሎ ቃል ሰጠው። 8 ሳምንት አለፈ፤ ሦስት ወርም ሞላ። በአራተኛው ወር «አንድ ቺፕ ስለ ጠፋ ጥቂት ይታገሡኝ» የሚል ሁለት መስመር መልእክት መጣ፤ ከዚያ በኋላ ዝምታ ሆነ። ስድስተኛው ወር ሲገባ የአስተማሪው ልብ ተለወጠ። ገንዘቡ ለእርሱ ትንሽ አልነበረም፤ ነገር ግን ከገንዘቡ ይልቅ ያቈሰለው፥ እንደ ሞኝ የተቈጠረ መስሎ ስለ ታየው ነው። አንድ ምሽት ተቀምጦ ረጅም ደብዳቤ ጻፈ። በ3 ቀን ውስጥ ገንዘቡ ካልተመለሰለት፥ የሠሪውን ስም ኪት ገዢዎች ሁሉ በሚያዩበት አደባባይ «ሌባ» ብሎ እንደሚያወጣው አስታወቀ።

ደብዳቤውን ሳይልከው ግን፥ በሬዲዮ ጥገና ሥራ አርጅቶ ጡረታ የወጣ አንድ ሽማግሌ ጐረቤቱ ሊጠይቀው መጣ። አስተማሪውም ጽሕፈቱን ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበለት። ሽማግሌው እስከ መጨረሻው አዳምጦ፥ «ልጄ፥ ቃሉ መልካም ሆኖ ተጽፏል፤ ለማን እንደምትጽፈው ግን ታውቃለህን?» አለው። አስተማሪውም፥ «ገንዘቤን ለበላ ሰው ነው እንጂ ለማን ይሆናል ብለው ነው?» ብሎ መለሰ። ሽማግሌውም ወንበር ስቦ ተቀመጠና የዚህን ሥራ አመጣጥ ከሥሩ ጀምሮ ነገረው።

በሲንተሳይዘር ሠሪነት ስሙ በዓለም የታወቀው አሜሪካዊው ሮበርት ሙግ የተነሣው ከዚሁ ከትንሽ ሥራ ነው። ገና ወጣት ተማሪ ሳለ፥ በ1954 ዓመት፥ ቴርሚን የሚባለውን፥ እጅ ሳይነካው በአየር ላይ በእጅ እንቅስቃሴ ብቻ የሚዜመውን መሣሪያ እየሠራ መሸጥ ጀመረ። በ1961 ዓመት ስለ ቴርሚን አሠራር በአንድ የኤሌክትሮኒክስ መጽሔት ላይ ጻፈ፤ ከዚያም በኋላ ዋጋው ከ50 ዶላር በጥቂት የሚያንስ ኪት ወደ 1000 ለሚጠጉ ሰዎች በፖስታ ላከ። ይህንም ያደርግ የነበረው በመኖሪያ ቤቱ ውስጥ እንጂ በፋብሪካ አልነበረም። በ1964 ዓመትም ኸርበርት ዶይች ከተባለ የሙዚቃ ደራሲ ጋር ተባብሮ የመጀመሪያውን ሲንተሳይዘሩን አወጣ። ስሙ ከገነነ በኋላ እንኳ ገንዘብ አጥሮት በ1971 ዓመት ኩባንያው ወደ ሌላ ባለቤት እጅ ገባ። እንግዲህ የሙያው አባት የሚባለው ሰው እንዲህ ከተቸገረ፥ በጓዳው ለሚሠራው ሰው ችግሩ ምን ያህል ይበረታበት! በኦክላሆማም ጆን ሳይመንተን የተባለው ሰው በ1967 ዓመት ፓያ የሚባለውን ድርጅት አቋቁሞ፥ በ2005 ዓመት እስኪሞት ድረስ ስሙ ከዚሁ ከኪት ሥራ ጋር ተያይዞ ኖረ፤ መሣሪያ ለመግዛት አቅም ያነሣቸውንም ወጣቶች መሣሪያ ሠሪዎች አደረጋቸው።

ከዚህ በኋላ ሽማግሌው እርሳስ አንሥቶ በዚያው በደብዳቤው ጀርባ ላይ ቍጥር ይጽፍ ጀመር። በአንዱ ኪት ውስጥ 60 ዕቃ አለ እንበል፤ ሠሪው 100 ኪት ቢያዘጋጅ 6000 ዕቃ ገዝቶ፥ ቈጥሮ፥ በየከረጢቱ ይከፍላል። ከ60ው ዓይነት 59ኙ ተሟልቶ አንዱ ቺፕ ብቻ ቢጐድል ከ100ው ኪት አንዱም ሊላክ አይችልም። ከገዢዎች የተቀበለው ገንዘብ ደግሞ በሣጥኑ ውስጥ ተቀምጦ አይደለም፤ በ59ኙ ዓይነት ዕቃ ተለውጦ በመደርደሪያው ላይ ተቈልሏል። ከመቶው ገዢዎች 20ው በአንድ ቀን ገንዘባችንን መልስ ቢሉት ከየት ያመጣል? የሀያው ገንዘብ ባይመለስ እንኳ ስሙ በአደባባይ በጠፋ ጊዜ አዲስ ገዢ አይመጣም፤ አዲስ ገዢ ካልመጣ የጐደለው ቺፕ አይገዛም፤ በዚህም ምክንያት የቀሩት 80ው ኪታቸውን ሳያገኙ ይቀራሉ። የአንድ ሰው የቍጣ ደብዳቤ ሠሪውን ብቻ ሳይሆን በትዕግሥት የተቀመጡትን ገዢዎች ሁሉ ይጐዳል ማለት ነው።

ቺፑስ ለምን ጠፋ? ከ2020 ዓመት ጀምሮ በዓለም ላይ በወረደው ወረርሽኝ ምክንያት ፋብሪካዎችና መርከቦች ሥራቸው ተዛባ፤ በየቤቱም የተቀመጠው ሕዝብ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ መግዛትን አበዛ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር በጃፓን አገር በኖቤዎካ ከተማ የሚገኘው የአሳሂ ካሴይ የቺፕ ፋብሪካ ተቃጠለ፤ እሳቱም ሦስት ቀን ያህል ነደደ። ይህ ፋብሪካ ድምፅን ወደ ቍጥር፥ ቍጥርንም ወደ ድምፅ የሚለውጡ ቺፖችን ለብዙ የሙዚቃ ዕቃ ሠሪዎች ያቀርብ ስለ ነበረ፥ ጕዳቱ ከጃፓን አልፎ በሩቅ አገር ተሰማ። እንዲህ ባለ ጊዜ መቶ ሺህ ቺፕ የሚያዝዘው ትልቅ ኩባንያ አስቀድሞ ይታደለዋል፤ መቶ ቺፕ የሚሻው ትንሽ ሠሪ ግን በሰልፉ መጨረሻ ይቆማል። አንዳንዱ ቺፕ ከታዘዘ በኋላ እስኪመጣ ዓመትና ከዚያም የበለጠ ጊዜ ይፈጅ ነበር።

አስተማሪው ይህን ሰምቶ፥ «እንግዲያው ዝም ብዬ ልቀመጥ ይሉኛልን?» አለ። ሽማግሌውም «አይደለም» አለው። ትዕግሥት ማለት ዓይንን ጨፍኖ መታለል አይደለምና። ትንሽ ሠሪ ሁሉ እውነተኛ አይደለም፤ በትንሽነቱ ተከልሎ የሰውን ገንዘብ የሚያጠፋም አለ። የዘገየውን ከአታላዩ ለመለየት ግን ሦስት ነገር መመርመር ይገባል። አንደኛ፥ ሲጠየቅ ይመልሳልን? ሁለተኛ፥ የመዘግየቱን ምክንያት ለይቶ ይናገራልን፥ ወይስ ነገር ያድበሰብሳል? ሦስተኛ፥ የቀድሞዎቹን ሳይልክ የአዲስ ገዢዎችን ገንዘብ መቀበሉን አላቆመምን? «አንተ» አለው ሽማግሌው፥ «ስድስት ወር ሙሉ ተቈጥተህ ከረምህ እንጂ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቅኸውም።»

አስተማሪው ይህን ነገር ሊክደው አልቻለም። የቍጣውን ደብዳቤ በመሳቢያው ውስጥ አኖረና ሌላ አጭር ደብዳቤ ጻፈ። የጐደለው ዕቃ ምን እንደ ሆነ፥ መቼ ይመጣል ተብሎ እንደሚታሰብ፥ አዲስ ትእዛዝም ይቀበል እንደ ሆነ በትሕትና ጠየቀ። መልሱ በዚያው ሌሊት መጣ። ሠሪው ቀን ቀን በሌላ መሥሪያ ቤት የሚሠራ፥ ማታ ማታ ከሚስቱ ጋር በመመገቢያው ጠረጴዛ ላይ ዕቃ የሚቈጥርና የሚያሽግ ሰው ነበረ። አዲስ ትእዛዝ መቀበል ካቆመ አራት ወር ሆኖታል። የቺፑ ሻጭ ሦስት ጊዜ ቀን ቀጥሮ ሦስት ጊዜ አሳልፎበታል። ዝም ያለውም ስለ ናቀ አይደለም፤ በሚመጣው ሳምንት መልካም ወሬ እነግራቸዋለሁ እያለ፥ ሳምንቱም ባዶውን ሲያልፍ እያፈረ፥ እንደዚሁ ወራቱ አለፉበት። ገንዘቡን መልሶ የሚሻ ቢኖር ከራሱ ደመወዝ ጥቂት በጥቂት እንደሚከፍል ጨምሮ ጻፈ።

በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው፥ የሠሪው ጥፋት መዘግየቱ ሳይሆን ዝም ማለቱ ነበረ። መዘግየት በገዢው ዘንድ ድካም ነው፤ ዝምታ ግን ጥርጥር ነው። ድካምን ሰው ይችለዋል፤ ጥርጥርን ግን ብዙ ቀን ሊሸከመው አይችልም። አስተማሪው እንደሚጠብቅ አስታውቆ፥ አዲስ ነገር ባይኖርም እንኳ በየወሩ መባቻ ለገዢዎች ሁሉ «ገና አልመጣም» ብሎ ቢጽፍላቸው እንደሚሻል መከረው። ሠሪውም እንዲሁ አደረገ። ገንዘባቸውን የጠየቁት ጥቂቶች ብቻ ሆኑ፤ የቀሩት የወሩን መልእክት እያነበቡ ጠበቁ።

በዘጠነኛው ወር ኪቱ ደረሰ። አስተማሪው ደስታው ስለ በዛ የአገጣጠሙን መጽሐፍ በወጉ ሳያነብ መሥራት ጀመረ፤ በሁለት ሌሊትም ጨረሰው። ኃይል ሲሰጠው ግን መሣሪያው ድምፅ አላሰማም። ማዞሪያዎቹን ሁሉ አዞረ፥ ሽቦውን ለወጠ፤ ዝም አለ። ያን ጊዜ የበረደው ቍጣ እንደ ገና ነደደ፤ ዘጠኝ ወር ያስጠበቀኝ የተበላሸ ዕቃ ሊልክልኝ ኖሯል ብሎ ሻካራ ቃል ጻፈ። ሠሪው ግን በቍጣ አልመለሰም፤ የሰሌዳውን ፎቶግራፍ እንዲልክለትና በቮልት መለኪያ አራት ስፍራ ለክቶ ቍጥሩን እንዲነግረው ብቻ ለመነው።

ፎቶግራፉን ባየ ጊዜ ነገሩ ተገለጠ። በእያንዳንዱ ቺፕ ጫፍ ላይ የግማሽ ክብ ምልክት አለ፤ በሰሌዳውም ላይ እንደዚሁ ያለ ሥዕል ታትሟል፤ ሁለቱ በአንድ አቅጣጫ መዋል አለባቸው። አስተማሪው ግን አንዱን ቺፕ ገልብጦ ሰክቶት ነበር። ቺፕ ተገልብጦ ኃይል ሲደርሰው ግሎ ይቃጠላል። የተቃጠለውም ከሌላ ሱቅ በሳንቲም የሚገዛው አልነበረም፤ መቶ ሰው ዘጠኝ ወር የጠበቀው ያው ቺፕ ነበረ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ ይህ ግን ቢለቅሙትም የማይመለስ ነው። ማስጠንቀቂያውም በመጽሐፉ በአራተኛው ገጽ በጕልህ ፊደል ተጽፎ ነበር።

አስተማሪው እጅግ አፈረ። አዲስ ቺፕ እስኪገኝ ሌላ ዓመት ልጠብቅ ይሆናል ብሎ ተስፋ ቈረጠ። ሠሪው ግን ከመቶው በላይ አራት ትርፍ ቺፕ ብቻ እንዳገኘ፥ ከአራቱም ሁለቱ እንዲሁ ለተሳሳቱ ሰዎች እንደ ሄዱ፥ ሦስተኛውን በፖስታ እንደ ላከለት ነገረው። አስተማሪው ዋጋውን ልክፈል ባለው ጊዜም፥ «እርስዎ ዘጠኝ ወር ታግሠውኛል፤ እኔ ስለ አንድ ሌሊት ስሕተት ዋጋ ልጠይቅዎ አይገባኝም» ሲል መለሰለት።

ይህ ቃል ከተግሣጽ ይልቅ ልቡን ነካው። እስከዚያ ቀን ድረስ ታጋሹ እርሱ ብቻ፥ የሚታገሡትም ሠሪው ብቻ ይመስለው ነበር። አሁን ግን ሠሪው ራሱ በየሌሊቱ ስንቱን ሰው ሲታገሥ እንደሚኖር አስተዋለ፤ መጽሐፉን ሳያነብ የሚጠይቀውን፥ ቺፕ ገልብጦ የሚሰካውን፥ ራሱ ያቃጠለውን በሠሪው የሚያሳብበውን። መሳቢያውን ከፍቶ የቀድሞውን ደብዳቤ አነበበው። «ሌባ» የምትለው ቃል ከነጥርት ፊደልዋ በዚያው ነበረች። ያን ምሽት ሽማግሌው ባይመጣ ኖሮ፥ ይህች ቃል ከአደባባይ ወጥታ የማትመለስ ነበረች። ደብዳቤውን ቀደደው።

አዲሱ ቺፕ መጥቶ በትክክል በተሰካ ጊዜ መሣሪያው ድምፅ ሰጠ። አስተማሪው እያንዳንዱን ኦክታቭ በጆሮውና በመለኪያ እያስተካከለ አንድ ሙሉ ቀን ዋለ። ከዚያ በኋላ የወሰደው ሥራ ግን ማንም ያላዘዘው ነበረ። ከመቶ ገዢ እያንዳንዱ አንድ ጥያቄ ቢጠይቅ፥ ለአንዱም መልስ ግማሽ ሰዓት ቢያስፈልግ፥ ሠሪው 50 ሰዓት ያጠፋል፤ ይህም ማታ ብቻ ለሚሠራ ሰው ብዙ ሳምንት ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና፥ አስተማሪውና ሌሎች አስቀድመው የጨረሱ ገዢዎች የአዲሶቹን ጥያቄ ተካፍለው መመለስ ጀመሩ። አንዱ የሬዚስተር ቀለም ማንበብ ያስተምራል፤ ቀዩ ቀለበት ከብርቱካኑ ጋር በደብዛዛ መብራት ይመሳሰላልና፥ 1000 ኦም በሚገባበት 10000 የሚያስገባ ብዙ ነው። አስተማሪው ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው የቺፑ ምልክት ወዴት እንደሚመለከት ነበረ።

እንዲህ ያለ ኅብረት ሠሪው ባይኖርም ሥራው እንዳይጠፋ ያደርጋል። በፈረንሳይ አገር ኤሚሊ ዢሌ የተባለችው ሠሪ በ2010 ዓመት ሽሩቲ የሚባል ትንሽ የሲንተሳይዘር ኪት አውጥታ፥ ሚዩተብል ኢንስትሩመንትስ በተባለው ድርጅትዋ ስመ ጥር ሆነች። በ2022 ዓመት ድርጅቱን ዘጋችው፤ ነገር ግን የሥራዎችዋን ንድፍ ሰው ሁሉ እንዲያየውና እንዲሠራበት አስቀድማ ገልጣ ትታው ስለ ነበረ፥ ከተዘጋም በኋላ ሌሎች እየሠሩት ይኖራሉ። ሱቅ ይዘጋል፤ ሠሪና ገዢ ተካፍለው ያወቁት ጥበብ ግን በብዙ ሰው እጅ ይቀራል።

እንግዲህ ከትንሽ ሠሪ የሚገዛ ሰው ከገንዘቡ ጋር ትዕግሥትን ይከፍላል፤ ሠሪውም ከዕቃው ጋር እውነተኛ ወሬን ሊሰጥ ይገባዋል። ከሁለቱ አንዱ የጐደለ እንደ ሆነ ውሉ አይጸናም። ገዢው ከመቈጣቱ በፊት ይጠይቅ፤ ሠሪው ሳይጠየቅ ይናገር።

አስተማሪው ከዚያው ሠሪ ሁለተኛ ኪት አዘዘ። ሠሪው አሁንም በ8 ሳምንት ውስጥ እልካለሁ አለው። አስተማሪው በግድግዳው ላይ ከተሰቀለው የቀን መቍጠሪያ ፊት ቆሞ ጥቂት አሰበና፥ ስምንቱን ሳምንት አሳልፎ በስድስተኛው ወር ላይ ምልክት አደረገ። በወሩ መባቻም «ገና አልመጣም» የምትለው መልእክት እንደ ልማዷ በጊዜዋ ደረሰችው፤ አንብቧትም ወደ ትምህርቱ ሄደ።